የምክር ዓምድ፦ ሌላ ሰው የጀመረውን ሕንፃ ልረከብ ወይስ ይቅርብኝ?

ሰሞኑን አንዲት ወጣት መሐንዲስ ጽፋልኝ ነበር። ደብዳቤዋ ረጅም ስለሆነ አሳጥሬዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። 28 ዓመቴ ነው። በሲቪል ምህንድስና ተመርቄ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ከወር በፊት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጂ+4 ሕንፃ በተቆጣጣሪነት እንድይዝ ተጠየቅኩ። ሕንፃው በ2010 ተጀምሮ የሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ (የፎቁ ወለል አርማታ) ከተሞላ በኋላ በገንዘብ እጥረት ቆሟል። የቀድሞው መሐንዲስ ከባለቤቱ ጋር ተጣልቶ ወጥቷል፣ ኮንትራክተሩም የለም። ባለቤቱ የአባቴ የልብ ጓደኛ ናቸው። ‹ልጄ፣ የታችኛው አልቋል፣ አንቺ ካቆመበት ቀጥዪ ብቻ› ይሉኛል። ሁለት ነገር ከብዶኛል። የሳይት ቡኩ (የየዕለቱ ሥራ ተመዝግቦ የሚፈረምበት ደብተር) ብዙ ገጹ ባዶ ነው፣ የመሠረቱና የምድር ቤቱ ኮለሞች (ምሰሶዎች) ሲሞሉ የፈረመ ሰው የለም። ፋይሉ እንዲሟላ እኔ እንድፈርምበት ይፈልጋሉ። ሌላው ደግሞ አንድ ፎቅ ይጨመርልኝ እያሉ ነው። ጓደኞቼ ‹አንቺ የምትጠየቂው ከገባሽበት ቀን ወዲህ ላለው ብቻ ነው› ይሉኛል። እውነት ነው? ብተወው አባቴን አስቀይማለሁ፣ ብቀበለው ደግሞ ከአሁኑ እንቅልፍ የለኝም።»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንዱን ልንገርሽ። ያንን ባዶ የቀረ ገጽ አትፈርሚ። ለአባትሽ ጓደኛ ብለሽ አትፈርሚ፣ ለአባትሽም ብለሽ አትፈርሚ። ኮለሙ ሲሞላ አልነበርሽም። ስታፋው (ቋሚ ብረቶቹን ዙሪያቸውን የሚያስረው ቀለበት) በስንት ሳንቲም ልዩነት እንደታሰረ አላየሽም። አርማታውን እያንቀጠቀጠ የሚያጠብቅ ቫይብሬተር ይኑር አይኑር አታውቂም። ፊርማሽ ግን «ቆሜ አይቻለሁ፣ ትክክል ነው» ይላል። ይህ ያላዩትን መመስከር ነው፤ ነገር የመጣ ቀን በሐሰተኛ ሰነድ ያስጠይቃል። ቀኑን ወደ ኋላ መልሰሽ ብትፈርሚ ደግሞ በ2010 ገና ተማሪ እንደነበርሽ የገዛ ዲግሪሽ ይናገራል። ባዶው ገጽ ባዶ ሆኖ ይቆይ። ባዶ መሆኑ ራሱ መረጃ ነው፣ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ወደ ጓደኞችሽ ልምጣ። የሚሉት ግማሹ እውነት ነው። ሌላ ሰው ላጠፋው አንቺ በሱ ቦታ ቆመሽ አትከፍዪም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 ስለ ባለሙያ ይናገራል። የሚጠይቀውም ባለሙያው ራሱ የሙያውን ደንብ ጠብቆ ሠርቷል ወይ፣ በግዴለሽነት ወይም ግዴታውን አለማወቁን በሚያሳይ ቸልተኝነት አጥፍቷል ወይ ብሎ ነው። ስለዚህ የሚመዘነው የራስሽ ጥፋት ነው። የቀድሞው መሐንዲስ የሱን ይመልሳል። የቀድሞው ኮንትራክተርም እንዲሁ፣ ሕጉ ላይ የተቋራጭ ዋስትና ከርክክብ ጀምሮ 10 ዓመት ነው፣ በውል ላሳጥረው ቢባል እንኳ አይጸናም።

ግማሹ ስህተት የሆነው ግን እዚህ ጋ ነው። ሦስተኛው ፎቅ አየር ላይ አይቀመጥም። የሦስተኛውን ፎቅ ሶሌታ «ይሞላ» ብለሽ በፈቀድሽ ቀን፣ ታች ያለው ኮለምና ከመሬት በታች ያለው መሠረት ይህን ጭነት ይሸከማል ብለሽ ወስነሻል። በአፍሽ ባትናገሪውም ወስነሻል። እንግዲህ ዳኛ ፊት የምትጠየቂው «ያንን ኮለም ማን ሞላው?» ተብለሽ ብቻ አይደለም። «አንቺ በላዩ ስትጭኚ ምን አይተሽ፣ ምን ለክተሽ ነው?» ትባያለሽ። ያ ጥያቄ ስለ አንቺ ሥራ ነው፣ ከገባሽበት ቀን ወዲህ ስለሠራሽው። ጓደኞችሽ ያላሰቡት ይህን ነው።

ከገንዘብ ካሣ በላይ የሚያስፈራኝን ልንገርሽ። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ነው። የሌላውን ሕይወትና ደህንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ከሆነ ቅጣቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ይደርሳል። የሞቱት ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆኑ፣ ወይም በግልጽ የተቀመጠ ደንብ ታውቆ ከተጣሰ፣ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። አንድ ሶሌታ ሲሞላ ላዩ ላይ ስንት ሰው እንደሚቆም ታውቂያለሽ። ይህንን የምጽፈው ላስፈራራሽ ብዬ ሳይሆን፣ ለባለቤቱ «እምቢ» ስትዪ ለምን እንደሆነ በልብሽ እንዲኖር ነው።

ደብዳቤሽ ላይ ያልገለጽሽው አንድ ነገር አለ። ተቀጥረሽ ነው ወይስ በግልሽ ነው የምትይዢው? በአማካሪ ድርጅት ስም ከሆነ ድርጅቱ አንቺ በሥራሽ ላይ ለምታደርሺው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ይጠየቃል፣ የሙያ ኃላፊነት መድንም ሊኖረው ይችላል። መድኑ ቀደም ብሎ የተሠራን ሥራ ይሸፍን እንደሆነ ውሉን አስነብቢ፣ ብዙ ጊዜ ጥያቄ የሚነሣው እሱ ላይ ነው። በግልሽ ከሆነ ግን ከጀርባሽ ማንም የለም። በሁለቱም መንገድ የወንጀሉ ነገር የራስሽ ነው። እስር ቤት ድርጅት አይገባም።

አንድ የራሴን ነገር ልንገርሽ።

ያኔ ካንቺ ብዙም አልበልጥም ነበር። ክፍለ ሀገር አንድ ቆሞ የነበረ ሕንፃ ተረከብኩ። ባለቤቱ ጥሩ ሰው ነበሩ፣ የምድር ቤቱን ኮለሞች አስለስነው ቀለም ሁሉ ቀብተውታል። ያምር ነበር። ፋይል ስጠይቅ «የድሮው ልጅ ይዞት ሄደ» አሉኝ፣ እኔም ዝም አልኩ። የመጀመሪያውን ሶሌታ አስሞላሁ። ሳምንት ሳይሞላ ዘበኛው ምሳ ሰዓት ላይ አጠገቤ ተቀምጦ፣ ስለ ሌላ ነገር እያወራን ሳለ፣ እንዲያው እግረ መንገዱን «ያቺን የጥጓን ኮለም እኮ የሞሏት ማታ ነው፣ ዝናብ እየዘነበ፣ ሲሚንቶም አልቆባቸው ሲጨቃጨቁ ነበር» አለኝ። ምግቡ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለ። መዶሻና ስካርፔሎ አስመጣሁ። ልስኑ በሦስት ምት ወረደ። ከጀርባው ጠጠር ብቻ ነበር፣ የሚያያይዘው ሲሚንቶ የለውም። ጣቴን አስገብቼ አንዷን ጠጠር ነቅዬ አወጣኋት። ስታፋው ደግሞ ፕላኑ ላይ በ15 ሳንቲም ነው፣ እዚያ ግን በ30 ነበር የታሰረው።

ቋሚ አስደግፈን፣ ሥራ አቁመን፣ ሌሎቹን ኮለሞች ስንከፍት ሦስት ተመሳሳይ አገኘን። አራቱንም ዙሪያቸውን በአዲስ ፌሮ (የአርማታ ብረት) እና አርማታ ማልበስ ነበረብን። እኔም የታችኛውን ሳላጣራ የላይኛውን እንዳስሞላሁ በደብዳቤ ጽፌ ለባለቤቱ ሰጠሁ። የዚያ ደብዳቤ ቅጂ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ሰው አልሞተም። አለመሞቱ ግን በኔ ጥንቃቄ አይደለም፣ ዘበኛው ስላወራ ነው። በዚያ ሶሌታ ላይ በሞላንበት ቀን ቆመው የነበሩትን ልጆች አሁንም አንድ በአንድ አስታውሳቸዋለሁ።

ስለዚህ ያንቺም ሳይት ዘበኛ ካለው መጀመሪያ እሱን አነጋግሪ። ባለቤቱ በሌሉበት፣ ተረጋግተሽ፣ ሻይ ይዘሽ። ሕንፃው ሲቆም የነበረ ሰው ከሆነ ከፋይሉ የበለጠ ያውቃል። ማታ የተሞላ ነበር? ውኃ የት ይጠራቀማል? ክረምት መሠረቱ አካባቢ ምን ይሆናል? ማን ፌሮ ቆርጦ ሸጠ? ይህ የመጨረሻው በደንብ ይጠየቅ፣ ቆሞ በከረመ ሳይት ላይ ወደ ላይ የቀረ ፌሮ የሚቆርጥ ሌባ አይጠፋም።

ቀጥሎ ለቀድሞው መሐንዲስ ደውይለት። ስልኩን ከባለቤቱ ጠይቂ፣ ካልሰጡሽ ከፕላኑ ማዕዘን ላይ ታገኚዋለሽ። ተጣልተው መለያየታቸው እንዳያስፈራሽ። ለምን ወጣ? ክፍያ ቀርቶበት ከሆነ አንድ ነገር ነው። ግን አንድ መሐንዲስ «ይህንን ካላፈረሳችሁ አልቀጥልም» ብሎ የወጣም ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ አንቺን የጠሩሽ እሱ እምቢ ያለውን እንድትፈርሚላቸው ነው ማለት ነው። የኪዩብ (የአርማታ ናሙና) ውጤት፣ የአፈር ምርመራ፣ የስታቲክ (የጭነት) ስሌት፣ ምን ወረቀት እጁ ላይ እንዳለ ጠይቂው። ያልተከፈለው ገንዘብ ካለ ባለቤቱ ከፍለውት ፋይሉን በርክክብ ወረቀት ቢወስዱ ለሁሉም ይሻላል። ሰውየውን በክብር አነጋግሪው። አንድ ቀን አንቺም በሱ ቦታ ልትሆኚ ትችያለሽ።

አሁን ወደ ሕንፃው እንውጣ። ሁለተኛው ፎቅ ሶሌታ ላይ ቆመሽ የምታዪው ወደ ላይ የቀሩትን የኮለም ፌሮዎች ነው። ስምንት ክረምት ዝናብ መትቷቸዋል። ፎርማኑ «ዝገቱ ላዩን ነው፣ በሽቦ ብሩሽ ይለቃል» ይልሻል። ይልቀቅና ለኪው። ካሊፐር (ውፍረት መለኪያ) ያዢ። የሽቦ ብሩሹ እስኪያበራው ድረስ አስጠርጊና፣ በተለይ ከሶሌታው የሚወጣበት አንገቱ ላይ፣ ውኃ የሚተኛበት ቦታ ላይ ለኪ። ባለ 16 ሚሊ ፌሮ 14.5 ቢሆን አንድ ሚሊ ተኩል ብቻ የቀነሰ ይመስላል። የተቆረጠ ገጹን ስፋት ብታሰዪው ግን 18 በመቶ ያህሉ ሄዷል። ኮለሙ ከአምስት ፌሮ አንዱን ሊያጣ ምን ቀረው? በዚያ ላይ አንዳንዱ ፌሮ ሰው እንዳይወጋ ተብሎ ታጥፎ ሊሆን ይችላል። የታጠፈን ፌሮ በቱቦ መልሶ ማቅናት ፎርማኖቻችን የሚወዱት ነገር ነው፣ እጥፋቱ ላይ ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። ታጥፎ የተቃናውን በቁጥር ያዢ፣ ፎቶ አንሺ፣ የትኛው ኮለም ላይ ስንተኛው ፌሮ እንደሆነ ሳይቀር ጻፊ።

ከዚያ ወደ ታች ውረጂና ጣራውን ቀና ብለሽ እዪ። ነጭ የኖራ መስመር የሚመስል ነገር ከወረደ ውኃ ሶሌታውን እያለፈ ነው። ቡናማ መስመር ከወረደ የውስጡ ፌሮ ዝጓል። ኮለሞቹ ከተለሰኑ ልስኑን በየቦታው አስከፍቺ፣ በተለይ እግሩንና ራሱን፣ ከቢም (ከአግድም ተሸካሚው) ጋር የሚገናኝበትን። የተለሰነ ኮለም ያማረ ስለሆነ አትመኚው፣ እኔ ነግሬሻለሁ።

አርማታውን «በሽሚት ሐመር ለካነው፣ 30 ሰጠ» ይሉሽ ይሆናል። ሽሚት ሐመር አርማታውን መትቶ የላዩን ጥንካሬ ነው የሚናገር። የቆየ አርማታ ላዩ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ይጠነክራል፣ ስለዚህ መሣሪያው ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ሊያነብ ይችላል። ደካማውን ከጠንካራው ለመለየት ተጠቀሚበት፣ ለመፈረም ግን አይበቃም። ፊርማሽ የሚቆመው ኮር (ከአርማታው ውስጥ የሚወጣ ክብ ናሙና) ተቆርጦ ላቦራቶሪ ሲጨመቅ ነው። የት የት እንደሚቆረጥ የሕንፃውን ጥንካሬ የሚያሰላው ስትራክቸራል መሐንዲስ ይወስን፣ ፌሮ እንዳይቆረጥ ደግሞ አስቀድሞ በመሣሪያ ይፈለግ። ኮር ሲወጣ አዲስ የተሰበረው ገጽ ላይ ፌኖልፍታሊን (አርማታው ላይ ቀለም የሚቀይር መመርመሪያ ፈሳሽ) ማስረጨት እንዳትረሺ፣ ዋጋው ምንም አይደለም። ሮዝ የሆነው ክፍል ፌሮን ከዝገት የመጠበቅ አቅሙ አሁንም አለው፤ ቀለም ያልቀየረው ጥልቀት ፌሮው ጋ ደርሶ ከሆነ ግን ያ ፌሮ ከአሁን በኋላ እርጥበት ባገኘው ቁጥር ይዝጋል።

መሠረቱ ይከብዳል፣ ተቀብሯልና። ቢያንስ ሁለት ሦስት ቦታ አስቆፍሪ። ከፕላኑ ጋር ስፋቱንና ጥልቀቱን አመሳክሪ፣ የአፈሩን ዓይነት እዪ። ቦሌና ሲኤምሲ አካባቢ ከሆነ ጥቁሩ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሸበሸባል፤ ላዩ ሳይከደን ስምንት ዓመት የቆየ መሠረት ይህን ስምንት ጊዜ አይቶታል። ጎረቤት በመሃል ቤዝመንት ቆፍሮ እንደሆነም ጠይቂ።

ፕላኑ ራሱም አለ። ሕንፃው በ2010 ቢጀመርም ዲዛይኑ በየትኛው ኮድ (የሕንፃ ዲዛይን ደንብ) እንደተሠራ አረጋግጪ። እ.ኤ.አ. በ1995ቱ ኢቢሲኤስ ከሆነ ለአዲስ አበባ የተወሰደው የመሬት መንቀጥቀጥ መነሻ 0.05 ጂ (ጂ የመሬት ስበት ነው) ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው ኢኤስ ኢኤን ግን 0.1 ጂ፣ እጥፍ ማለት ነው። በ2017 ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል ተነሥቶ አዲስ አበባ ላይ አልጋ ሲያወዛውዝ የነበረውን ሌሊት እናስታውሳለን። ሕንፃሽ ያኔም ክፍቱን ቆሞ ነበር፣ ስለዚህ የኮለምና የቢም መገናኛው ላይ ስንጥቅ ፈልጊ። እንደገና ማስላቱ ያንቺ ሥራ አይደለም። ፈቃድ ያለው ስትራክቸራል ዲዛይነር ባገኛችሁት የአርማታ ጥንካሬና በቀረው ፌሮ ልክ አስልቶ በጽሑፍ «ይሸከማል» ወይም «ይጠናከር» ብሎ ይፈርም። ያንቺ ድርሻ ያ ወረቀት ሳይመጣ ሥራ አለማስጀመር ነው።

ስለሚጨመረው ፎቅ ብዙ አልልም። መሠረቱ ለጂ+4 ነው የተሠራው፣ ፈቃዱም ለጂ+4 ነው። አዲስ ዲዛይንና የተሻሻለ ፈቃድ ሳይመጣ አንድ ብሎኬት አይወጣም። ያለውን ኮለም ሳናውቀው ስለ ተጨማሪ ፎቅ ማውራቱም አይገባኝም።

ፈቃድ ካልኩ አይቀር፣ የግንባታ ፈቃዱ ጊዜው አልፎበት ሊሆን ይችላል። ግንባታ ፈቃድና ቁጥጥር ባለሥልጣን ሄደሽ ፋይሉን እዪ። ተቆጣጣሪ ተብሎ የማን ስም ነው ያለው? የድሮው ልጅ ስም ከሆነ ያለው፣ ባለቤቱ ለውጡን በደብዳቤ ያሳውቁ፣ ገቢ የተደረገበት ማህተም ያለበትን ቅጂ አንቺ ያዢ። ሕንፃው ሲጀመር በነበረው የ2001ዱ የሕንፃ አዋጅ ከ12 ሜትር በላይ የሆነ ሕንፃ ምድብ ሐ ውስጥ ይገባ ነበር፣ ጂ+4 በተለምዶ ከዚያ ያልፋል። የባለሙያ ምዝገባሽ ደረጃ ይህንን ምድብ ለመቆጣጠር ይፈቅድልሽ እንደሆነ እዚያው አረጋግጪ። የማይፈቅድ ከሆነ ሌላው ሁሉ ትርፍ ወሬ ነው።

አሁን ወደ ባዶው ገጽ ልመለስ። አንቺን የሚጠብቅሽ የርክክብ ቃለ ጉባኤ ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ አንድ አካፋ ሲሚንቶ ሳይቀላቀል። ባለቤቱ፣ አዲሱ ኮንትራክተርና አንቺ አብራችሁ ሕንፃውን ዞራችሁ ያለውን ሁሉ ልኬትና ፎቶ ይዛችሁ ትጽፉታላችሁ። ቋንቋው ቀላል ይሁን። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦

«እኔ ስሜ ከታች የተገለጸው መሐንዲስ ቁጥጥር የጀመርኩት ከዚህ ቀን አንስቶ ነው። ከዚህ ቀን በፊት የተሠሩት መሠረት፣ የምድር ቤትና የመጀመሪያ ፎቅ ኮለሞች፣ ቢሞችና እስከ ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ሶሌታዎች ሲሠሩ አልነበርኩም። ከገጽ እስከ ገጽ ያለው የሳይት ቡክ ፊርማ የሌለው ሆኖ ተረክቤዋለሁ። የነበረው ሥራ ወደፊት በሚቀርበው የምርመራ ውጤትና በዲዛይነሩ የጽሑፍ ማረጋገጫ መሠረት ብቻ የላይኛውን ጭነት እንዲሸከም ይደረጋል። ማረጋገጫው እስኪቀርብ ድረስ ምንም አዲስ አርማታ አይሞላም።»

የገጾቹን ቁጥር አስገቢ፣ ቀን አስገቢ። ሦስታችሁም እያንዳንዱ ገጽ ላይ ፈርሙ። አንድ ቅጂ ቤትሽ ይቀመጥ፣ ሳይት ቢሮ ውስጥ ያለ ወረቀት ይጠፋል። አዲስ ሳይት ቡክ ክፈቺና የመጀመሪያው ገጽ ላይ ይህንኑ ቃለ ጉባኤ ጥቀሺ። የድሮው እንዳለ፣ ከነባዶ ገጹ፣ ታሽጎ ይቀመጥ። የፈረመ ሰው ስላለመኖሩ፣ አንቺም ያንን ስላለመሙላትሽ፣ ከሱ የተሻለ ምስክር የለሽም።

አንድ ነገር ግን እንዳትሳሳቺ። «ያለፈው አይመለከተኝም» ብለሽ ጽፈሽ፣ ሳታስመረምሪ ብትቀጥዪ ወረቀቱ አያድንሽም። እንዲያውም ይብስብሻል፣ ታች ያለው እንዳልተረጋገጠ ታውቂ እንደነበር በራስሽ እጅ ጽፈሻላ። ወረቀቱ የሚሠራው ምርመራው ከተከተለው ነው።

ቀጥሎ ያለው ከምህንድስናው ይከብዳል፣ አውቃለሁ። የአባትሽ ጓደኛ ናቸው። «እንደ ልጄ ነሽ» የሚል ሰው ፊት ወረቀት ይዞ ቆሞ «እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ» ማለት በእኛ ባህል ያለመተማመን ይመስላል። ቤታቸው ሄደሽ፣ ከተቻለ አባትሽም ባሉበት አናግሪያቸው። ስለ ራስሽ ፍርሃት አትጀምሪ። ስለ እሳቸው ጀምሪ። ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ባለቤቱ ይጠየቃል፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ። «ጋሼ፣ ይህ ቤት አንድ ነገር ቢሆን መጀመሪያ የሚፈለጉት እርስዎ ነዎት፣ ምርመራው ለእርስዎ ነው» በያቸው። እውነት ስለሆነ ስትናገሪው አይከብድሽም። የምርመራው ዋጋ ከጠቅላላው ወጪ ጋር ሲተያይ ትንሽ መሆኑን ከላቦራቶሪ ዋጋ አስቀርበሽ በቁጥር አሳያቸው። «የታችኛው አልቋል» ካሉሽም «ከደህናው በላይ እቀጥላለሁ፣ ደህና መሆኑን ግን አንድ ጊዜ እንይ» በያቸው።

አባትሽን ግን ለብቻቸው ቀድመሽ ንገሪያቸው። አብዛኛው አባት ልጁ እስር ቤት ከምትገባ ከጓደኛው ጋር ሳምንት ቢኮራረፍ ይመርጣል። እስካሁን ያልተረዱሽ ምናልባት ነገሩን እንደ ሥራ ክርክር ስላዩት ይሆናል። አንቀጽ 543ን አንብቢላቸው።

ምርመራውን እሺ ካሉ ያዢው። ከልቤ ነው የምልሽ፣ እንዲህ ዓይነት ሕንፃ ላይ የምታገኚው ትምህርት አዲስ ሳይት ላይ አይገኝም። ቆሞ የቀረ ሕንፃ ሁሉ መጥፎ አይደለም፣ ደህና ሆኖ ቆይቶ በጥንቃቄ ተጨርሶ ሰው የሚኖርበት ብዙ ነው። ከተማችን ውስጥ እንዲህ ቆመው የቀሩትን ሁሉ ሰው ፈርቶ ቢሸሻቸው ደግሞ የባሰ ሰው ነው ገብቶ የሚፈርምባቸው።

ምርመራውን እምቢ ካሉ፣ ወይም «ባዶውን ገጽ ፈርመሽ ሌላውን እናያለን» ካሉ፣ ውጪ። ስትወጪም በቃል ብቻ አትውጪ። ለምን እንደማትቀበዪ በሁለት አረፍተ ነገር በአክብሮት ጽፈሽ፣ የሳይት ቡኩን አንስተሽ፣ ቀን አስገብተሽ ስጫቸው። ሄደሽ ስታዪ አሁኑኑ ሊወድቅ የሚችል ነገር ካገኘሽ፣ ለምሳሌ የበሰበሰ አጣና የደገፈው ሶሌታ ሥር ሰው የሚያድር ከሆነ፣ ያን ጊዜ መውጣት ብቻ አይበቃም፣ ለወረዳው የግንባታ ቁጥጥር በጽሑፍ ታሳውቂያለሽ። ይህ በጓደኝነት የሚታለፍ አይደለም።

እስከዚያው ባለቤቱን ሳታስቀይሚ ልታደርጊው የምትችይው አንድ ሥራ አለ። ነገ ጠዋት ካሊፐር፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ማርከርና ስልክሽን ይዘሽ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ውጪ። ከጥጉ ኮለም ጀምሪ። እያንዳንዱን ፌሮ ቁጥር ስጪው፣ ለኪው፣ ካሊፐሩ የሚያነበው ከነፌሮው እንዲታይ አድርገሽ ፎቶ አንሺው። ልኬቱን ላኪልኝ፣ አብረን እናየዋለን።